ሽቦ የገባበት ቤት ሁሉ

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተወድጄ አላውቅም፤ የሠርጌን ቀን ጨምሮ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። በአባቴ ጥቁር ብስክሌት የኋላ መቀመጫ ላይ ተፈናጥጬ፣ የአክስቴን ወገብ ግጥም አድርጌ ይዤ፣ ሃያ ስምንት ኪሎ ሜትር ተጓዝኩ። በየደረስንበት ሰው ሮጦ እየወጣ እጁን ዘርግቶ ተቀበለን፣ አበላን፣ አጠጣን፣ "በሞቴ ትንሽ ቆዩ" ብሎ ለመነን። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ የሰው ልጅ ደግ ነው ክፉ የሚል ክርክር በተነሳ ቁጥር ያን ቀን እየጠቀስኩ ስረታ ኖሬአለሁ። የረታኋቸውን ሰዎች ዞሬ ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ። ሰንፌ ተውኩት።

እናቴ እኔን ወልዳ ዓመት ሳትቆይ ስለሞተች ያሳደገችኝ የአባቴ ታናሽ እህት ናት። እኔን ስትረከብ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ በዚያ ቀን ሃያ ሁለት። ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ስፌቱ ግን ከሥራዎቿ ሁሉ ትንሹ ነው። ጠዋት አያቴን ከአልጋ ደግፋ ወንበር ላይ ታስቀምጣለች፤ አያቴ ወድቃ ወገቧ ከተጎዳ ወዲህ ራሷን ችላ አትቆምም። ከዚያ ቁርስ፣ ከዚያ እኔ፣ ከዚያ ውሃ፣ ከዚያ ምሳ፤ በመሀል በመሀሉ ስፌት መኪናው ላይ ቁጭ ትላለች። ማታ ማታ የተማረችውን ትምህርት መቼ እንዳጠናች እስከ ዛሬ አልገባኝም። አባቴ ይህን ሁሉ እያየ "እሷ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር!" ይላል። ለኔ ምስጋና ይመስለኝ ነበር።

አባቴ የከተማችን ስልከኛ ነበር። ያኔ ስልክ እንደ ዛሬው በየሰው ኪስ አይገባም። መንገዱን ተከትሎ በእንጨት ምሰሶ ላይ የሚሄድ አንድ ሽቦ ነበር፤ እሱ ላይ የተንጠለጠሉ ሰባት ስምንት ቤቶች ነበሩ፤ በቃ። ደዋዩ ስልኩን ሲያዞር አባቴ ፊት ማዞሪያው ላይ አንዲት ትንሽ ክዳን ዱብ ትላለች። እሱ ገመዱን ሰክቶ "አቤት" ይላል፣ ከተፈለገው ሰው ጋር ያገናኛል፣ ከዚያም ገመዱ በደንብ መግባቱን ለማረጋገጥ ትንሽ ያዳምጣል። ትንሽ ማለት እስከ መጨረሻው ነው። ስለዚህ ማን ከማን ጋር እንደተጣላና የማን ልጅ ምን እንዳጠፋ ያውቃል። ሰውም ማወቁን ስለሚያውቅ ይወደዋል፤ ወይም ይፈራዋል፤ ከውጭ ሲያዩት ያው ነው። "አይሆንም" የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። በኛ ዘንድ ሰውን "አትሄድም" ማለት ነውር ነው። "ሳትበላማ አትሄድም" ማለት ግን ክብር ነው።

እኔን "ሬዲዮ" እያለ ይጠራኝ ነበር። ድምፄ ስለሚያምር መስሎኝ ነበር።

ከጉዞው በፊት በነበረው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ አክስቴ የሰማያዊ ቀሚሷን ጠርዝ ተርትራ፣ በአራት የታጠፉ ወረቀቶች ውስጡ ከታ፣ መልሳ በእጇ ስትሰፋው አየኋት።

"ምንድን ነው እቴቴ?"

"እንዲከብድ ነው" አለች ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። "ብስክሌት ላይ ነፋስ እንዳያነሳብኝ።"

እንዲህ ያለ ብልሃት ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ሌሊቱን እንዴት እንዳደርኩ እኔ ነኝ የማውቀው። በማግስቱ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አባቴ ለሥራ ጫማውን ሲያስር ሮጬ ሄጄ ነገርኩት።

"አባባ፣ እቴቴ እኮ ብልጥ ናት! ነፋስ እንዳያነሳው ቀሚሷ ጠርዝ ውስጥ ወረቀት ሰፋችበት። ማኅተም ያለበት ወረቀት።"

አባቴ የጫማውን ክር ለቀቀ።

"ማኅተም ያለበት?"

"ክብ። ሐምራዊ።"

ከኪሱ ከረሜላ አውጥቶ ሰጠኝ። ከዚያ ወደ ጓዳ ብቅ አለና አክስቴን፣ "ወፍጮ ቤት ድረስ ብቻሽን ከምትሄጂ ሬዲዮን ይዘሻት ሂጂ። መንገዱን ታጫውትሻለች" አላት። አክስቴ እጇ ላይ የነበረውን ሰሃን አስቀመጠችና አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። "እሺ" አለች። እሷም "አይሆንም" ማለት አልለመደችም።

ወረቀቱ ምን እንደሆነ አሁን አውቃለሁ። የትምህርት ማስረጃዋ ነበር። አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው ትልቅ ከተማ የነርስ ትምህርት ቤቱ ምዝገባ የሚዘጋው በዚያ ቀን በዘጠኝ ሰዓት ነው፤ አባቴም ይህን በሽቦው ሰምቷል። አውቶቡስ የሚያልፈው በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ ያ ቀን ከሁለቱ አንዱም አልነበረም። መንገዱ ላይ፣ ሃያ ስምንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ፣ ቀሚስ ያዘዘችን አንዲት ባለወፍጮ አለች። አክስቴ የባለወፍጮዋን ቀሚስ ልክ ለማየት እሄዳለሁ ብላ ለመነችና ብስክሌቱ ተፈቀደላት። ቀሪውን አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ለማንም አልነገረችም። የነገርኩት እኔ ነኝ፤ ያውም በከረሜላ።

አንድ ሰዓት ላይ ወጣን። ጠዋቱ ደስ ይላል፤ አስፋልቱ ገና አልሞቀም፤ አክስቴ ትዘፍናለች። እሷ ስትዘፍን ሰምቼ ስለማላውቅ አብሬ ጮህኩ።

ስምንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ነዳጅ ማደያው አለ። ገና ከሩቅ ነዳጅ ቀጂው በመስኮት ውስጥ ስልክ ጆሮው ላይ ደቅኖ አየሁት። እኛን ሲያይ አንገቱን ነቀነቀ፣ ስልኩን አስቀመጠና ወጥቶ መሀል መንገድ ላይ ክንዱን ዘርግቶ ቆመ።

"እህቴ! በኔ ደጅማ ዝም ብለሽ አታልፊም!"

"ጋሼ፣ እቸኩላለሁ። ስመለስ እገባለሁ።"

"ስትመለሺ የዚያን ጊዜ ሌላ ነው። ደግሞ ጎማሽን አይተሽዋል? በዚህ ጎማ ልጅ ጭነሽ! ወንድምሽ ምን ይለኛል?"

ጎንበስ ብሎ የኋላውን ጎማ በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው። ጎማው ድንጋይ ነበር፤ አክስቴ ራሷ ስትነፋው አይቻለሁ። "ለስላሳ ነው" አለ። ክዳኗን ፈታና ነፋሱን ፍስስስ አድርጎ አስወጣው። ከዚያ እንደገና ጫን አደረገው። "አየሽ? ምንም የለውም እኮ!"

የመንፊያው ቁልፍ ጠፋ። ቁልፉ እስኪገኝ እሱ የሚሽከረከር ወንበሩ ላይ አስቀምጦ አዞረኝ፣ ሁለት ሙዝ ሰጠኝ፣ "እንደ አባትሽ ጨዋ ነሽ" አለኝ። ልቤ ጮቤ ረገጠ። አክስቴ በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ትስቅ ነበር። በሁለተኛው ፈገግ አለች። ከዚያ በኋላ በየጥጉ ቁልፍ ትፈልግ ጀመር፤ ዘይት በነካው ወለል ላይ ተንበርክካ ከመደርደሪያው ሥር ሁሉ ዳበሰች። ቁልፉ ሦስት ሰዓት ላይ ከሰውየው ከራሱ የደረት ኪስ ውስጥ ተገኘ። እሱ በራሱ ላይ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ከማደያው በኋላ ሽቅብ ነው። አክስቴ መዝፈን ተወች፤ ጀርባዋ ላይ ላቡ ካርታ ሠራ። ሁለት መንደር አለፍን፤ ማንም ዞር ብሎ አላየንም። እንጨት የተሸከመች ሴት ሰላም ብላት አልመለሰችልኝም። አንድ ሽማግሌ አህያውን ከመንገዱ ለማውጣት እንኳ አልተቸገረም።

"እቴቴ፣ እነዚህ ሰዎች ለምንድን ነው የማይወዱን?"

"እግዜር ይስጣቸው" አለች አክስቴ፣ ቁና ቁና እየተነፈሰች።

ስድብ መስሎኝ ነበር። ምሰሶዎቹ በነዚያ መንደሮች ራስ ላይ አልፈው እንደሚሄዱና አንዲት ሽቦ እንኳ ወደ አንድም ቤት እንደማትወርድ ልብ ለማለት የዘጠኝ ዓመት አንጎል አይበቃም። እሷ ግን ያን ጊዜ መጠርጠር ጀምራለች።

አሥራ ስምንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ክሊኒኩ ነው። ቁስል አጣቢው ነጭ ጋውኑን ለብሶ፣ የልብ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ መንገድ ዳር ቆሞ ጠበቀን። ሰው ሁሉ ዶክተር ይለዋል፤ እሱም አያርምም። አክስቴ ላለመቆም ፔዳሉን ጠበቅ አድርጋ ረገጠች፤ እሱ ግን እሷን ትቶ እኔን አየኝ።

"ቁሚ! ይህች ልጅ ቀለሟ ልክ አይደለም!"

አክስቴ ፍሬን ያዘች። በሌላ ነገር አይይዟትም ነበር።

ዶክተሩ ምላሴን አየ፣ የዓይኔን ቆብ ገልብጦ አየ፣ ሚዛን ላይ አቆመኝ። "ሃያ አራት ኪሎ" አለ፤ አንድ ትልቅ ነገር እንደተናገረ ሰው ደረቱን ነፋ። ከዚያ፣ "በፀሐይ ከተጓዘች ኃላፊነት አልወስድም። ሁለት ሰዓት ትረፍ" አለ።

"ዶክተር፣ ጠዋት ሦስት ዳቦ በልታለች" አለች አክስቴ።

"እሱም አንዱ ምልክት ነው።"

እኔ ደግሞ የታመምኩ መሆኔን ስሰማ ኮራሁ። በቤታችን መታመም የአያቴ ድርሻ ነበር። ስለዚህ ትንሽ ሳል ጨመርኩበት። ቀጥሎ ሆዴን ያዝኩ። አክስቴ ግንባሬን ደጋግማ ዳበሰች። ስለኔ ተጨንቃ መስሎኝ ሳሉን አጠነከርኩት። ይህን ስጽፍ ጆሮዬ ይቃጠላል።

የዶክተሩ ሚስት ድንችና የተቀቀለ እንቁላል ይዛ መጣች። "በሞቴ" እያለች አንድ፣ "አፈር ስሆን" እያለች ሁለት፣ "ጠልታኝ ነው" እያለች ሦስት እንቁላል አክስቴን አስዋጠቻት። በኋላ በሩ ላይ ባሏን ዝቅ ባለ ድምፅ ስታነጋግረው ሰማሁ።

"እስከ ስንት ሰዓት ነው?"

"እስከ ሰባት ብሏል። ተተኪው የሚገባው ሰባት ላይ ነው። ከዚህ ካመለጡ ባለወፍጮዋ ትረከባለች።"

ስለ ሽሮፑ ነበር የመሰለኝ። አንድ ማንኪያ ጣፋጭ ሽሮፕ ሰጥቶኝ ስለነበር ቀጣዩን ማንኪያ ሰባት ሰዓት ላይ ባለወፍጮዋ እንደምታጠጣኝ ገባኝና ደስ አለኝ። ስለ ተተኪው አልተጨነቅኩም። አባቴ ማዞሪያውን ትቶ ንቅንቅ የማይለው ተተኪው ሰባት ሰዓት ላይ ሲገባ ብቻ መሆኑን ግን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ በየቀኑ ምሳውን የማደርስለት እኔ ነኝ።

ደግነቱ አንድ ሰው እግሩን መጥረቢያ መታው። ሁለት ሰዎች ደግፈውት ደሙን እያንጠባጠበ ሲገባ ዶክተሩ ወደሱ ዞረ፤ አክስቴ እኔን ከአልጋው ላይ እንደ ጆንያ አንስታ ወደ ብስክሌቱ ሮጠች። ስድስት ሰዓት ሆኗል። ዶክተሩ መርፌና ክር በእጁ እንደያዘ በመስኮት ብቅ ብሎ "በሞቴ! በሞቴ!" እያለ ሲጮህ ለረጅም ጊዜ ይሰማኝ ነበር። በዚያ ቀን ሦስት ሰው በሞቴ ብሎን አልፈነዋል። አንዱም አልሞተም።

ባለወፍጮዋ ግዙፍ ሴት ነበረች፤ ስትስቅ ጠረጴዛው ላይ ያለው ብርጭቆ አብሮ ይስቃል። ሰባት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀር ደረስን። ከአክስቴ ጋር ተሳስማ ሳትጨርስ ብስክሌቱን በአንድ እጇ እየገፋች ወስዳ የእህል መጋዘኑ ውስጥ አስገባችው፤ ቆለፈችና ቁልፉን ጡቷ መሀል ጣለችው።

"ልጆች ይነካኩታል" አለች።

"እትዬ፣ ከተማ ገብቼ ለቀሚስዎ ዚፕ መግዛት አለብኝ። ሱቁ ይዘጋል።"

"ዚፕ! ሰው ምሳ ሳይበላ ዚፕ! ነይ ግቢ።"

ምሳ ቀረበ። እኔ በላሁ። ወፍጮው ከጎን ያለው ቤት ውስጥ ይንደቀደቃል፤ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፤ ዱቄት በመስኮቱ እየገባ ዳቦው ላይ ያርፋል። አንድ ነገር ለመባባል መጮህ ያስፈልጋል። ስልኩ ሲጮህ ባለወፍጮዋ አንድ ጆሮዋን በመዳፏ ደፍና ባላት ድምፅ ሁሉ መለሰች።

"አቤት! … አዎ፣ አሉ! እየበሉ ነው! … ኧረ ቆልፌበታለሁ! … ስትጨርስ ውጣ፣ ምን ያጣድፍሃል!"

የምታወራው ስለ አንዱ ደንበኛዋ መስሎኝ ነበር። አክስቴ ግን ማኘክ አቆመች። ስልኩን አየችው፤ ከስልኩ ወደ ግድግዳው፣ ከግድግዳው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ምሰሶው፣ ከዚያ ምሰሶዎቹን ተከትላ እኛ እስከመጣንበት መንገድ ድረስ በዓይኗ ሄደች። ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። ምን እንደምትቆጥር አልገባኝም፤ ሦስት ላይ ቆመች። ሽቦ የገባበት ቤት ሁሉ ወዶናል። ሽቦ ያልገባበት ቤት አላወቀንም።

ባለወፍጮዋ ሻይ ልታመጣ ስትሄድ ወደኔ ጎንበስ አለች።

"ለአባትሽ ምን ነገርሽው?"

"ምንም። ብልጥ እንደሆንሽ ብቻ።"

"እንዴት አድርጌ?"

"በቀሚስሽ።"

አየችኝ። በዚያ አስተያየት ውስጥ ቁጣ ብፈልግ አጣሁ። አገጬ ላይ የቀረውን ፍርፋሪ በአውራ ጣቷ ጠረገችልኝና "ጎበዝ" አለችኝ። የምሯን መስሎኝ ፈገግ አልኩ።

ሻዩ ሲመጣ አክስቴ ሌላ ሰው ሆና ጠበቀች። ዘና ብላለች፤ እግሯን ዘርግታለች።

"ውይ እትዬ፣ ከዚህ ወዲያ የትም አልሄድም፣ ጠግቤአለሁ። በሉ ባይሆን ቀሚሱን ልለካዎት። ግን እኮ ቀሚስዎ ያለው ብስክሌቱ ላይ ነው፤ በሽቦ ጠፍሬ ነው ያሰርኩት፤ ካልወጣ አይፈታም።"

ባለወፍጮዋ ቀሚሷን ሁለት ወር ስትጠብቅ የኖረች ሴት ናት። ቁልፉ ከጡቷ መሀል ወጣ፤ ብስክሌቱ ከመጋዘን ወጥቶ በረንዳው ላይ ተደገፈ። ሦስታችንም ውስጠኛው ክፍል ገባንና በሩ ተዘጋ።

ከዚያ አክስቴ ስፒል መሰካት ጀመረች። እጅጌው ገና በከፊል የተሰፋ ወይን ጠጅ ቀሚስ ነው። "ክንድዎን ከፍ … እንዲያ … ሌላውንም … አይንቀሳቀሱ።" በብብት ዙሪያ፣ በአንገት ዙሪያ፣ በወገብ ዙሪያ፣ አፏ ውስጥ የያዘችውን ስፒል ሁሉ ሰካችው። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የተሞላበት ልክ አይቼ አላውቅም። ባለወፍጮዋ ሁለት ክንዷን ወደ ላይ ዘርግታ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ መስታወቱ ውስጥ ራሷን እያደነቀች ቆመች። ትንሽ ዝቅ ብትል ይወጋታል።

አክስቴ የመለኪያ ሜትሯን አንዱን ጫፍ በባለወፍጮዋ ወገብ ላይ ሰካች፤ ሌላውን በኔ ጣቶች መሀል አስገባች። እጄን በእጇ ጨብጣ ትንሽ ቆየች።

"ይህን ያዢልኝ። እኔ ክር ላመጣ ነው። እስክመጣ እንዳትለቂ።"

"እሺ እቴቴ።"

አልለቀቅኩም። መጀመሪያ ባለወፍጮዋ እያንጎራጎረች ቆየች። ቀጥሎ "የት ሄደች ይህች ልጅ?" አለች። "ክር ልታመጣ" አልኩ። ቀጥሎ ጮኸች፤ ወፍጮው ግን ይንደቀደቃል፤ የገዛ ወፍጮዋ የገዛ ድምፅዋን ፈጨው። ክንዷን ልታወርድ ስትል "ዋይ!" አለች። "ነይ ይሄን ንቀይልኝ፣ የኔ ቆንጆ!" አለችኝ። "እቴቴ እንዳትለቂ ብላኛለች" አልኳት። ክንዴ ዝሏል፤ ጣቴ ነጥቷል፤ ግን ጥርሴን ነክሼ ያዝኩ። አክስቴ ተመልሳ ስትመጣ ልክ የሰጠችኝ ቦታ ላይ እንድታገኘው ነበር ሐሳቤ።

በሩን የከፈተው አባቴ ነው፤ ከስምንት ሰዓት ተኩል በኋላ፣ የጭነት መኪና አቧራ እስከ ሽፋሽፍቱ ለብሶ። እንደ ሌባ ሁለት እጇን ወደ ላይ የሰቀለችውን ሴት አየ፤ ከወገቧ እስከኔ ጣት የተወጠረውን ሜትር አየ፤ ከዚያ ባዶውን በረንዳ ዞሮ አየ።

"የት አለች?"

"ክር ልታመጣ ሄዳለች" አልኩት።

ወደ ስልኩ ሄደና አዞረው። ተተኪው ከትልቁ ከተማ ትምህርት ቤት ጋር አገናኘው። አባቴ ስልኩን ጆሮው ላይ ተጭኖ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ "እባካችሁ … እባካችሁ …" ይል ጀመር። የሚጸልይ መስሎኝ ነበር። ደቂቃዎች አለፉ። ከዚያ "እማማን ማን ደግፎ ያስነሳታል?" አለ፤ ለማንም አልነበረም። እንባው አቧራው ላይ መስመር ሠራ። የሚያለቅሰው እኔን በማግኘቱ ተደስቶ ነው ብዬ በሌላው እጄ ጀርባውን ዳበስኩት። ሊላቸው የፈለገው፣ "የቤተሰብ ፈቃድ የላትም፣ እንዳትመዘግቡ" ነበር። በሕይወቱ የመጀመሪያው "አይሆንም" ሊሆን ነበር፤ እሱንም በስልክ።

ያን ሰዓት በሌላኛው ጫፍ የነበረውን የነገረችኝ አክስቴ ናት። አሥራ አራቱን ኪሎ ሜትር በአንድ ትንፋሽ ነው የሄደችው ማለት ይቻላል። መሀል መንገድ ላይ ካቴናው ወለቀባት፤ አንድ መንገደኛ አልፏት ሲሄድ የት እንደምትሄድ እንኳ አልጠየቃትም፤ ልትስመው ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው፣ እጇ በቅባት ጠቁሮ፣ የቀሚሷን ጠርዝ በጥርሷ እየቀደደች መስኮቱ ጋ ደረሰች። ውስጥ አንድ ፊቱ የተኮማተረ ጸሐፊ ተቀምጧል።

"ጤና ይስጥልኝ" አለችው።

"ወረቀት" አላት።

ሰላምታ የለም፣ ወንበር የለም፣ ውሃ የለም። ወረቀቱን መንጭቆ ይገለብጥ ጀመር። በዚያን ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። አክስቴ ማን እንደሆነ አወቀች፤ የመስኮቱን ደፍ ያዘች። ስልኩ ይጮሃል። ሰውየው ይጽፋል። ስልኩ ይጮሃል። ሰውየው ብዕሩን ቀለም ያጠቅሳል። ከኋላው አንዱ "አንሳው እንጂ!" ሲለው፣ "ስልክ ማንሳት የኔ ሥራ ነው? ይጩኽ!" አለ። ማኅተሙን ረገጠና "ቀጣይ!" ብሎ አምባረቀ። ከኋላዋ ማንም አልነበረም። ከዚያ መስኮቱን ጣቷ ላይ ዘጋባት።

በኛ መንገድ ላይ ታሪኩ ሌላ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ የሚወራው አንዲት ምስጋና ቢስ ልጅ ያን ሁሉ መስተንግዶ ረግጣ እንደሄደች ነው። ባለወፍጮዋ እስክትሞት ድረስ "ምሳዬን በልታ ወጋችኝ" ትል ነበር። ብስክሌቱ በሳምንቱ በጭነት መኪና ተመልሶ መጣ፤ ሁለቱም ጎማ ጢም ብሎ ተነፍቶ። አባቴ ምግብ መሥራት ተማረ፤ መጥፎ ምግብ። አያቴን ጠዋት ጠዋት ማንሳትም ተማረ፤ አሥር ዓመት አነሳት። ሊሆን የማይችል ነገር ነው ሲባል የኖረው ሥራ ጠዋት አሥር ደቂቃ፣ ማታ አሥር ደቂቃ የሚፈጅ ነበር።

እኔ ግን ለሁለት ዓመት ተኩል አላየኋትም። ሜትሩን ትራሴ ሥር አድርጌ ነበር የምተኛው። ካደግኩ በኋላ፣ አንድ ቀን ቤቷ ቁጭ ብለን፣ እንደማትመለስ ለምን እንዳልነገረችኝ ጠየቅኳት።

"ብነግርሽ ለባለወፍጮዋ ትነግሪያት ነበር" አለች።

እውነቷን ነው።

"ሜትሩንስ ለምን አስያዝሽኝ?"

"እጅሽ ሥራ ሲይዝ አፍሽ ያርፋል።" ከዚያ፣ "ሃያ አራት ኪሎ ነበርሽ። አንቺን ሳወርድ ብስክሌቱ እንዴት እንደቀለለኝ! ይህን ስልሽ እንዳይከፋሽ" አለች።

ከፋኝ። ከዚያ ራሴን እሷ ቦታ ላይ፣ ብስክሌቱ ላይ አስቀምጬ ፔዳሉን ረገጥኩት፤ እውነትም ቀለለኝ፤ ይህኛው ደግሞ የባሰ ከፋኝ።

በተመረቀች ቀን አንድ ከረጢት ብርቱካን ይዛ ወደዚያ መስኮት ሄዳ ነበር። ሰውየው እዚያው ተቀምጧል፤ ፊቱም እንደዚያው ነው።

"ምንድን ነው?" አላት።

"ለርስዎ ነው።"

"ለምን?"

"በተመዘገብኩ ቀን ያን ስልክ ስላላነሱልኝ።"

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት፤ እንደ ተሰደበ ሰው።

"የትኛውን ስልክ?" አላት። "እኔ አንስቼ አላውቅም።"

መስኮቱንም ዘጋው። ብርቱካኑን ይዛልን መጣች።